ብረትና የአንቀሳቃሽ ነርቮች በሽታ፦ የአንድ ጥርጣሬ ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንደምጽፍ ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔ የመረጥሁት ርእስ ብረት ነው፤ ብረቱም በሕንፃ ምሰሶ ውስጥ የሚቀበረው ሳይሆን በሰው ገላ ውስጥ የሚዘዋወረው ነው። የአንድ ጤነኛ ጐልማሳ ሰውነት የያዘው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ይኸውም ተጠራቅሞ ቢቀልጥ ከአንዲት መካከለኛ ሚስማር የሚበልጥ አይደለም። ይህች ሚስማር ከጐደለች ሰው ደም አንሶት ይገረጣል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል፤ ከመጠን አልፋ ከተከማቸች ደግሞ ጉበትን፣ ልብንና ቆሽትን ታበላሻለች። ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የተነሣው ጥያቄ፣ ይህችው ጥቂት ብረት ሰውን ከእግር ጣቱ እስከ ምላሱ ደረጃ በደረጃ ሽባ አድርጎ በሚገድለው በአንቀሳቃሽ ነርቮች በሽታ ውስጥ ምን ድርሻ አላት? የሚል ነው። ነገሩ የሐኪሞች ነው ቢባል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ዝገት፣ ስለ ቫልቭና ስለ ማግኔት የሚያወሳ ጉዳይ ስለሆነ መሐንዲስም ዳር ቆሞ ብቻ ሊያየው የሚገባ አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

አስቀድሞ ስለ በሽታው። ሰው እጁን ሲያነሣ ትእዛዙ የሚጓዘው በሁለት ዐይነት የነርቭ ሕዋሳት ቅብብሎሽ ነው። የመጀመሪያው ከአንጐል ቅርፊት ተነሥቶ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ እስከ ጡንቻው ይዘልቃል። ወደ እግር የሚሄደው ክር አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ይህ ሁሉ ክር የአንድ ነጠላ ሕዋስ አካል ነው። የስልክ መሥመር የዘረጉ ባልደረቦቼ ነገሩን በቀላሉ ይገምቱታል፤ ሕዋሱ ከማእከሉ እስከ ጫፉ ድረስ ስንቁንና መለዋወጫውን ቀን ከሌት ማጓጓዝ አለበት። በበሽታው ጊዜ ሁለቱም ዐይነት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ ይመነምናል፤ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይጐተታል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ በመጨረሻም መተንፈሻ ጡንቻዎች ይደክማሉ። የዐይን እንቅስቃሴ ግን በአብዛኛው እስከ ኋለኛው ጊዜ ይቈያል፤ የብዙዎቹ ሕመምተኞች አእምሮም የሚሆነውን ሁሉ እያስተዋለ ይኖራል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ አራን ጡንቻቸው እየመነመነ የሄደ ሕሙማንን በ1850 ዘርዝሮ ጽፏል። በሽታውን ከሌሎች ለይቶ ያወጣው ግን ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ሻርኮ በፓሪስ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ የሕመምተኛውን ሁኔታ በሕይወት ሳለ በጥንቃቄ ይመዘግብና ከሞተ በኋላ አንጐሉንና ኅብለ ሰረሰሩን መርምሮ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ ነበር። በዚህ መንገድ ከ1865 ጀምሮ ባካሄደው ምርመራ የጡንቻው መመንመንና የኅብለ ሰረሰሩ ጐን መጠንከር የአንድ በሽታ ሁለት ፊቶች መሆናቸውን አረጋገጠና በ1874 አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክሌሮሲስ ብሎ ሰየመው። ስሙ ለምላስ ቢከብድም ትርጕሙ ያው የተናገርነው ነው፤ የጡንቻ መመንመንና የጐን መጠንከር። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የሻርኮ በሽታ ይሉታል። አሜሪካኖች ደግሞ በቤዝቦል ተጫዋቹ በሉ ጌሪግ ስም ይጠሩታል። ጌሪግ አንድም ቀን ሳያቋርጥ በ2,130 ጨዋታዎች በመሰለፉ «የብረት ፈረስ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ነበር፤ በሽታው በ1939 ታወቀለት፤ በ1941 በ37 ዓመቱ ሞተ። ብረት የሚለው ቃል ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘው በዚህ አኳኋን፣ በአጋጣሚ ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ በ1963 በሽታው ከታወቀለት በኋላ እስከ 2018 መኖሩ ያልተለመደ ነው። አብዛኞቹ ሕመምተኞች ምልክቱ ከታየባቸው በኋላ የሚኖሩት ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። ብረት በደም ውስጥ መኖሩ ከሻርኮ ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ቪንቼንዞ መንጊኒ የተባለ የቦሎኛ ሐኪም በ1740ዎቹ ደምን አድርቆ አቃጠለና አመዱን በማግኔት ፈተነው፤ ቅንጣቶቹም ተሳቡ። ከዚያ ወዲህ የነበረው አስተሳሰብ ሰውነት ብረት ሲያንሰው ይቀበላል፣ ሲተርፈው ያስወግዳል የሚል ነበር። ይህን ያፈረሱት እንግሊዛውያኑ ሮበርት ማካንስና ኤልሲ ዊዶውሰን ናቸው። እነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች በ1937 ባወጡት ጽሑፍ ወደ ሰውነት የገባውንና ከሰውነት የወጣውን ብረት እንደ ገንዘብ ቤት ሒሳብ አስተያይተው አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት በር የለውም፤ የሚቈጣጠረው በመግቢያው በኩል ብቻ ነው።

ይህ ለመሐንዲስ የሚያስደነግጥ ንድፍ ነው። ማናችንም ብንሆን መግቢያው ላይ ቫልቭ አድርገን የትርፍ ውሃ ማፍሰሻ ሳንሠራለት ታንከር አናስረክብም፤ ብናስረክብም የሚረከበን አይኖርም። የሰው ሰውነት ግን እንዲሁ ሆኖ ይሠራል። በየቀኑ ከምግብ የሚገባው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ የሚጠፋውም በሚረግፍ ቆዳና በአንጀት ሽፋን እንዲሁም በትንንሽ መድማት ይህንኑ ያህል ነው። ለአዲስ ቀይ የደም ሕዋሳት መሥሪያ በየቀኑ የሚያስፈልገው ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም የሚሆነው ብረት ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ያረጁት ሕዋሳት በጣፊያና በጉበት ሲፈርሱ ብረታቸው ተለቅሞ ወደ መቅኔ ስለሚመለስ ነው። በዕቃ እጥረት ዘመን ከፈረሰ ቤት ሚስማር እየነቀለ፣ እያቃና እንደገና የሚመታ አናጢ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል።

ለዚህ ዝውውር መጓጓዣና መጋዘን ያስፈልጋል። መጋዘኑን በ1937 ያገኘው ቼኩ ቪሌም ላውፍበርገር ነው፤ ከፈረስ ጣፊያ ያወጣው ይህ ፕሮቲን ፌሪቲን ሲባል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ኳስ ይመስላል፣ እስከ 4,500 የብረት አቶሞችም ይይዛል። መጓጓዣውን ስዊድናውያኑ ሆልምበርግና ላውሬል በ1947 ትራንስፌሪን ብለው ሰየሙት። ቫልቩ የታወቀው ግን ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ነው። በ2000 ብረትን ከሕዋስ ወደ ደም የሚያስወጣው ፌሮፖርቲን ተገኘ። በዚያው ሰሞን ጉበት የሚሠራት ሄፕሲዲን የተባለች ትንሽ ፕሮቲን ታወቀች። የሚገርመው ነገር ሄፕሲዲንን ያገኟት ሰዎች ብረት ይፈልጉ የነበሩ አልነበሩም፤ በደምና በሽንት ውስጥ ተሕዋስያንን የሚገድል ነገር ይፈልጉ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ለሌላ ጥናት ያዘጋጇቸው አይጦች ጉበታቸው በብረት ተሞልቶ ቢያገኙት፣ የጐደላቸው ሄፕሲዲን ሆኖ ተገኘ። በ2004 ነገሩ ተሟላ፤ ሄፕሲዲን ፌሮፖርቲንን ይዛ እንዲፈርስ ታደርገዋለች፤ በዚህም በሩ ይዘጋል። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ሲኖር ሄፕሲዲን ይበዛል፤ ብረቱም በየሕዋሱ ተቈልፎ ይቀራል። ይህን የመጨረሻ ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንጐል ከዚህ ሁሉ ዝውውር በራሱ አጥር ተከልሎ ይኖራል። ከደም ወደ አንጐል የሚገባው ብረት በዚህ አጥር በኩል ተመርጦ ነው። በአንጐል ውስጥ ብረት መኖሩንና የት የት እንዳለ ለማየት ያስቻለው ጀርመናዊው ማክስ ፐርልስ በ1867 ያቀረበው የቀለም ዘዴ ነው። አንድ የሥጋ ቅራጭ በፖታሲየም ፌሮሲያናይድና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲነከር ብረት ያለበት ቦታ ወደ ደማቅ ሰማያዊነት ይለወጣል። ይህ ሰማያዊ ለሙያችን ባዕድ አይደለም። የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ፕላን የሚያባዙበት ሰማያዊ ወረቀት ቀለም ያው የፕሩሲያ ሰማያዊ ነበር።

በ1922 ጀርመናዊው ሁጎ ሽፓትስ በዚህ ዐይነት ዘዴ የሰውን አንጐል ከዳር እስከ ዳር መርምሮ ብረት በእኩል እንዳልተሠራጨ አሳየ፤ በጥልቀት ከሚገኙት የአንጐል እምብርቶች አንዳንዶቹ ወዲያው ሲሰመይሩ ሌላው ክፍል ገርጥቶ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት ከዩልዩስ ሃለርፎርደን ጋር በአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ላይ ያዩትንና በአንጐል ውስጥ ብረት የሚከማችበትን በሽታ ጽፈው አወጡ፤ በሽታውም በሁለቱ ስም ተጠራ። ስሙ ግን አልዘለቀም። በናዚዎች ዘመን ሃለርፎርደን በመንግሥት ትእዛዝ የተገደሉ የአእምሮ ሕሙማንንና ሕፃናትን አንጐል እየተቀበለ ለጥናት እንዳከማቸ ከጦርነቱ በኋላ ታወቀ፤ ሽፓትስም በዚያው ተቋም ኃላፊ ነበር። በ2001 የበሽታው ዘር ከተገኘ ወዲህ ሐኪሞች የሁለቱን ስም ትተው በሽታውን በምንነቱ መጥራትን መርጠዋል። እኔም የሽፓትስን ካርታ የጠቀስሁት ያለ እርሱ ታሪኩ ስለማይሟላ ነው፤ ሰውዬውን ለማመስገን አይደለም።

ካርታውን በቍጥር ያጸኑት ሃልግሬንና ሱራንደር የተባሉ ስዊድናውያን ናቸው። በ1958 ባወጡት ጽሑፍ በተለያየ ዕድሜ በሞቱ ሰዎች አንጐል ውስጥ ያለውን ብረት በየክፍሉ ለኩ። ብረቱ ከልጅነት እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፍጥነት ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ ዝግ ይላል። ከሁሉ የበለጠ ብረት ያለበት እምብርት በ100 ግራም ወደ 21 ሚሊግራም ሲይዝ፣ የግንባሩ ቅርፊት 3 ሚሊግራም ያህል ብቻ አለው። የአንቀሳቃሹ ቅርፊት ግን 5 ሚሊግራም ያህል ነው። እንግዲህ አንቀሳቃሽ ነርቮች የሚነሡበት ቦታ በጤነኛው ሰውም ቢሆን ከአጐራባቾቹ የበለጠ ብረት የሚይዝ ነው። ይህ ቍጥር በዚያን ጊዜ ከሻርኮ በሽታ ጋር ያገናኘው ሰው እምብዛም አልነበረም።

ብረት ለምን እንደሚያስፈራ ለመረዳት ወደ ኬሚስትሪ መሻገር ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፌንተን በ1894 ጥቂት ብረትና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ባንድ ላይ ሲሆኑ ከሁለቱ ለየብቻ የማይጠበቅ ኃይለኛ የማቃጠል ሥራ እንደሚፈጽሙ ገለጠ። ዛሬ እንደምናውቀው ብረቱ ለፐሮክሳይዱ አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጥ ሃይድሮክሲል የተባለ፣ በአጠገቡ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይወለዳል። ፐሮክሳይድ በማንኛውም ሕያው ሕዋስ ውስጥ በየጊዜው ይሠራል። ስለዚህ ልቅ የሆነ ብረት ሲገኝ ሕዋሱ ከውስጥ ይዝጋል ቢባል ከእውነት የራቀ ምሳሌ አይደለም። ሰውነት ብረቱን በፌሪቲንና በትራንስፌሪን ጠቅልሎ የሚይዘውም ይህን ስለሚፈራ ነው።

በዚህ ላይ 1993 ደረሰ። በዚያ ዓመት አንድ ትልቅ የአሜሪካ የምርምር ቡድን በአንዳንድ ቤተ ሰቦች ውስጥ ለሚወረሰው የአንቀሳቃሽ ነርቮች በሽታ ምክንያት የሆነውን የመጀመሪያውን ዘር አስታወቀ። ዘሩ ሱፐሮክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ ነበር፤ ይህም ማኮርድና ፍሪዶቪች በ1969 ያገኙት፣ ጐጂ ኦክሲጅንን የሚያረጋጋው ፕሮቲን ነው። ደስታው ታላቅ ነበር። ዝገት የሚከላከለው ቀለም ሲበላሽ ብረቱ ይዝጋል፣ ይኸው ነው ተባለ። ነገር ግን ማስረጃው ሌላ አለ። በ1994 የተበላሸውን ዘር ተጨምሮላቸው ሽባ የሆኑት አይጦች የፕሮቲኑ ሥራ አልጐደለባቸውም ነበር፤ በ1996 ደግሞ ፕሮቲኑን ፈጽሞ ያጡ አይጦች ያንን በሽታ አልያዙም። ጥፋቱ ከሥራ መጕደል ሳይሆን ቅርጹ የተበላሸው ፕሮቲን ራሱ ከሚያመጣው መርዛማነት ነበር። ቀላሉ የዝገት ትምህርት በሦስት ዓመት ውስጥ ተሰነጠቀ። ከዚህም ሌላ ይህ ዘር ከጠቅላላው ሕመምተኛ የሚያጠቃው ከመቶ ሁለቱን ያህል ብቻ ነው።

በዚያው በ1993 ጃፓን ውስጥ ሌላ ነገር ታየ። የማግኔት ምስል መሣሪያ የሰውን ሰውነት ከመሬት ማግኔት ኃይል ብዙ ሺህ ጊዜ በሚበልጥ ማግኔት ውስጥ አስገብቶ የውሃን አቶሞች ያናውጣል። ብረት ባለበት ቦታ የማግኔቱ ኃይል ስለሚዛባ የአቶሞቹ ምልክት ቶሎ ይጠፋል፤ በምስሉም ላይ ጥቍር ሆኖ ይታያል። የጃፓን ሐኪሞች በአንቀሳቃሽ ነርቮች በሽታ የተያዙ ሰዎችን ሲያነሡ በአንቀሳቃሹ ቅርፊት ላይ ጥቍር መሥመር አዩ። መንጊኒ የደሙን አመድ በማግኔት ከፈተነ ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ብረቱ እንደገና በማግኔት ተገኘ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰውዬው በሕይወት እያለ።

መሥመሩ በእርግጥ ብረት መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 2012 መጠበቅ ግድ ሆነ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሞቱ ሕመምተኞችን አንጐል በ7 ቴስላ ማግኔት አንሥተው ያንኑ ሥጋ ቀረጡና ብረቱን በቀለም ፈለጉት። ብረቱ ነበረ። የተገኘው ግን በሚሞቱት ነርቮች ውስጥ ሳይሆን በአብዛኛው ማይክሮግሊያ በተባሉት የአንጐል ጽዳት ሕዋሳት ውስጥ፣ በቅርፊቱ ጥልቅ ንብርብር ላይ ነበር። እንግዲህ ጽዳት ሠራተኞቹ ብረቱን የያዙት የሞቱትን ነርቮች ፍርስራሽ ሲያነሡ ነው? ወይስ አስቀድሞ ብረት ስለበዛባቸው ተቈጥተው ነርቮቹን አጠቁ?

ይህ ጥያቄ ለአርማታ ሠሪ አዲስ አይደለም። ያረጀ ድልድይ ስንመረምር ፌሮው ዝጎ፣ ኮንክሪቱም ተሰንጥቆ እናገኛለን። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ይገፋዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ነገር ግን ስንጥቁ ቀድሞ ከኖረ ውሃና አየር አስገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ አንዱ ሌላውን እያባባሰ ስለሚሄድ፣ መርማሪው ባየበት ቀን የትኛው እንደቀደመ ከመልኩ ብቻ መናገር አይቻልም። የምንፈርደው ሌላ ምልክት ፈልገን ነው፤ የስንጥቁን አቅጣጫ፣ የሽፋኑን ውፍረት፣ የጨዉን መጠን። ሐኪሞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የፈተኑት ደምን ነው። በ2008 እና ከዚያ በኋላ በወጡ ጥናቶች የሕመምተኞች ደም ከጤነኞቹ የበለጠ ፌሪቲን እንደሚይዝ ታየ፤ በአንዳንዶቹም ጥናቶች ፌሪቲናቸው የበዛ ሕመምተኞች ዕድሜ አጠረ። ይህ ብቻውን ግን ብዙ አይፈርድም። ፌሪቲን ብግነት በተነሣ ጊዜ ሁሉ ይጨምራል፤ ቀደም ብዬ ልብ ይሏል ያልሁት የሄፕሲዲን ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከዚያም ወደ ውርስ ተሻገሩ። በ1996 የተገኘው፣ ሲበላሽ በጉበት ብረት የሚያስከማች ዘር አንድ ዐይነት ለውጥ በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ ይበዛል የሚሉ ጽሑፎች ከ2004 ጀምሮ ወጡ፤ በ2013 የወጣው በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ግንኙነት የለም ብሎ ደመደመ።

እዚህ ላይ ከአገራችን ጋር የሚገናኝ አንድ ነጥብ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ በሽታ የተያዙ አንድ ቀያሽ ባልደረባችን ነበሩ፤ በመጀመሪያ የታወቃቸው የቴዎዶላይቱን ብሎን ማዞር ጣታቸው እምቢ ሲል ነው። ቤተ ሰባቸው ስለ ብረት አንድ ነገር ሰምተው ኖሮ «ጤፍ ብረት የበዛበት ነው ይባላልና እንጀራውን እናስተዋቸው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ1959 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ምግብ ጥናት ጤፍ የሚበላው ሕዝብ ብረት ከሚመከረው ብዙ እጥፍ እንደሚወስድ አሳይቶ ነበር፤ ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደርም በ1968 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ከደም ምርመራ ጋር አስተያይቷል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በብረት ክምችት የሚታመም ሆኖ አልተገኘም። ምስጢሩ በአውድማው ላይ ነበር። በ1980 የወጣ የአገር ውስጥ ጥናት ጤፉ በሚገባ ሲታጠብ ብረቱ ወደ ሌሎቹ እህሎች መጠን እንደሚወርድ አሳየ። ትርፉ ብረት በሬዎች ሲያበራዩ ከአፈር የተደባለቀ ሲሆን፣ አብዛኛው በአንጀት ሳይቀልጥ የሚያልፍ ነው። በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል በብረት ድስት ከሚጠመቅ ጠላ የተነሣ ብዙ ሰዎች ጉበታቸው በብረት ታምሞ ነበር፤ እዚያ የመጠጡ አሲድ ብረቱን አሟሙቶ ለአንጀት የሚመች አድርጎታል። ስለሆነም ወሳኙ የብረቱ ብዛት ሳይሆን መልኩ ነው። በእነዚያም ሰዎች ቢሆን የተጐዳው ጉበት እንጂ አንቀሳቃሽ ነርቭ አልነበረም። ለቤተ ሰቡ የመለስሁት ሐኪማቸው የነገራቸውን አጽንቼ ነው፤ በዚህ በሽታ ክብደት የሚቀንስ ሰው ቶሎ ይደክማልና እንጀራውን እንዳይከለክሏቸው።

የመጨረሻው የፍርድ መንገድ ብረቱን አውጥቶ የሚሆነውን ማየት ነው። ከ2009 ጀምሮ ለዚህ የሚያደፋፍር ውጤት ታየ። ካናዳ ውስጥ የተበላሸውን ዘር በተሸከሙ አይጦች ኅብለ ሰረሰር ብረት መከማቸቱ ታወቀ፤ በዚያ ረጅም ክር ውስጥ የሚካሄደው መጓጓዣ በመታወኩ ብረቱ በሕዋሱ ማእከል የሚታገት ይመስል ነበር። ብረት የሚይዝ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ተጨመረላቸው። በ2012 ደግሞ ብረት የሚያስከትለው ልዩ የሕዋስ አሟሟት ፌሮፕቶሲስ ተብሎ ስም ወጣለት። በ2015 ይህን አሟሟት የሚከላከለው ፕሮቲን ከነርቮቻቸው የተወገደ አይጦች በፍጥነት ሽባ ሆኑ፤ በኅብለ ሰረሰራቸው የሞቱትም አንቀሳቃሽ ነርቮች ነበሩ። ጥርጣሬው እንደገና ነፍስ ዘራ።

ለሰው የሚሆነው መድኃኒትም በእጅ ነበረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የተሠራው ዴፈሪፕሮን ደም በብዛት ለሚሰጣቸው የታላሴሚያ ሕሙማን የሚያገለግል ሲሆን፣ በአፍ ይዋጣል፣ የአንጐልንም አጥር ያልፋል። በፈረንሳይ የሊል ከተማ ሐኪሞች ለጥቂት የአንቀሳቃሽ ነርቮች ሕሙማን በአነስተኛ መጠን ሰጥተውት በ2018 ያወጡት ጽሑፍ በአንጐል ያለው ብረት መቀነሱንና በመጀመሪያዎቹ ወራት የበሽታው ግሥጋሴ ዝግ ማለቱን ገለጠ። ነገር ግን ሕመምተኞቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ የተነጻጸሩትም ከራሳቸው የቀድሞ ሁኔታ ጋር ነበር። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለው ተረት ለቀጥቃጭ ይሆናል እንጂ ለሐኪም አይሆንም። ምክንያቱን በ2022 የወጣው የፓርኪንሰን በሽታ ሙከራ አሳየ። በዚያ በሽታ ብረት በአንጐል እምብርት መከማቸቱ ከሻርኮ በሽታ ይበልጥ የተረጋገጠ ነው፤ አመክንዮውም ያው ነበር። በበሽታው ገና የተያዙ 372 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ዴፈሪፕሮን፣ ገሚሶቹ ባዶ እንክብል ለ36 ሳምንት ወሰዱ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ብረቱ ቀነሰ። ሕመማቸው ግን በመለኪያው 15.6 ነጥብ ሲባባስ የሌሎቹ 6.3 ብቻ ነበር፤ ከመቶ 22ቱ ሌላ ሕክምና ቶሎ እንዲጀመርላቸው ግድ ሆነ፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ግን ከመቶ 3 እንኳ አልሞሉም። በ2024 የወጣው የአልዛይመር ሕሙማን ሙከራም ብረቱ ቀንሶ ማስተዋል ፈጥኖ የደከመበት ነበር።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ፌሮውን ስለዛገ ብቻ ከምሰሶው ነቅሎ እንደማውጣት ነው። ብረት በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ዝገት ብቻ አይደለም። ኃይል የሚሠራበትን ማሽን፣ ነርቮች የሚነጋገሩባቸውን ኬሚካሎች የሚያዘጋጁትን ፕሮቲኖች ያንቀሳቅሳል፤ በፓርኪንሰን በሽታ የሚጐድለው ዶፓሚን ራሱ ያለ ብረት አይሠራም። መድኃኒቱ የተከማቸውንና የሚሠራውን ብረት አይለይም። የማግኔት ምስሉም እንዲሁ አይለይም፤ በጽዳት ሕዋስ ውስጥ የተቈለፈውንም በነርቭ ውስጥ ልቅ የሆነውንም በአንድ ጥቍረት ያሳያል።

ለሕሙማኑ የደረሰው ሕክምና እስካሁን ከሌላ በር ነው የመጣው። በ1994 የሳልፔትሪዬር ሐኪሞች የተሳተፉበት ሙከራ ሪሉዞል የተባለው መድኃኒት ዕድሜን በጥቂት ወራት እንደሚያራዝም አሳየ፤ በ2015 ጃፓን ኤዳራቮንን ፈቀደች፤ በ2023 ደግሞ በ1993 ለተገኘው ዘር ብቻ የሚሆነው ቶፈርሰን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ይህ የመጨረሻው የተበላሸው ፕሮቲን እንዳይሠራ መልእክቱን ከምንጩ ያስቀራል፤ ብረቱን አይነካም።

ጥቍሯ መሥመር ግን ሥራ አላጣችም። በዛሬው ጊዜ የማግኔት ምስል የሚያነቡ ሐኪሞች በሽታውን ከሚመስሉት ሌሎች ሕመሞች ለመለየት እንደ ረዳት ምልክት ይመለከቷታል። በሁሉም ሕመምተኛ ላይ አትታይም፤ በአንዳንድ ጤነኛ አዛውንትም ላይ ትታያለች። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያ በመርፌ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ ይለካል፣ መዶሻውንም አንሥቶ ጉልበቱን መታ መታ ያደርጋል፤ ሻርኮ እንዳደረገው የሕመምተኛውን ሁኔታ ከወር ወደ ወር በመዝገብ ያሰፍራል፤ ምስሉን ከዚህ ሁሉ ጋር አስተያይቶ ያያል።